አመድና ጠመኔ

ካርታዬን ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሻጥ አርጌ፣
ወረድኩ ወደ ሰፈር፣ ከጦሳ ግርጌ።
ደሴ ላይ ክረምቱ ሳምንታት ሲቀሩት፣
ጎርፍ የሚያልፍበትን በቀይ ቀለም ቀባሁት፤
“ይኸው” አልኩ ዘርግቼ፣ በእድሩ አግዳሚ፤
ሁሉም ዝም ብሎ አየኝ፣ አልተገኘም ሰሚ።

እትዬ ጀማነሽ አጎንብሰው አይተው፣
“ይህን ያህል አሻራ የሚፈርም ማነው?”
አሉኝ እየሳቁ።
ቁጥሩን ላስረዳቸው ብዙ ተንገዳገድኩ፣
“ከባሕር ወለል በላይ…” ብዬ ጀምሬ ደከምኩ።
ባሕር አይቶ ለማያውቅ ወለሉን ብነግረው፣
የራሱ ወለል ነው፣ እርጥቡ የቸገረው።

ከጥግ ቆሞ ነበር ሙሄ፣ ልብስ የሚሰፋ፣
ሜትር ካንገቱ፣ ጠመኔ ከጣቱ የማይጠፋ፤
አምና ሲንጀሩን ጎርፍ ቦርከና ያወረደበት፣
መኪናው ቢመለስም ጭቃው ዛሬም ያለበት።
እጁን ካርታው ላይ ጣለ፣ በጣቱ ተከተለ፣
መስመር በመስመር ሄዶ፣ “ሽንሽን ነው” አለ።
“መስመሩ ሲጠጋጋ፣ ጨርቁ ተሸንሽኖ፣
ሲራራቅ የላላ፣ ሜዳ ሜዳ ሆኖ።
ተራራ ጠፍጣፋ ላይ ሲቆረጥ እንዲህ ነው፤
ትከሻም ጠፍጣፋ ነው፣ መቀስ ሲጀምረው።”

አራት ዓመት ሙሉ ቅየሳ ተምሬ፣
ጦሳ ትከሻ እንዳለው ገና አወቅሁት ዛሬ።

ከእድሩ ቤት ደጃፍ፣ ሲሚንቶው ላይ ሮጠ፤
በጠመኔው ጫፍ ሰፈር መሬት ተቀመጠ።
ለመንገዱ ክር ዘርግቶ፣ ለመስጊዱ አዝራር፣
ለቤተ ክርስቲያኑም ያው፣ ካንድ ኮት የነበር።
ለጎርፉ አመድ አመጣች ሐዋ ከጎረቤት፤
“እስቲ በየት ነበር?” ሲባል፣ ጠብ ተነሣ የዚያን ለት።
“በኛ ጓሮ ነው ያለፈ!” “በናንተ አላለፈም!”
“አንተ ከሚሴ ነበርክ፣ ዓይንህ አልደረሰም!”
አመዱ ተጠረገ፣ ተነሰነሰ ደግሞ፤
ሰው ሁሉ በእንብርክኩ፣ ቀድሞ የነበር ቆሞ።

ውሃ የገባበት ቤት ባንድ ባቄላ ሲቆጠር፣
ማንም ያልጠረጠረው ብቅ አለ አንድ ነገር፤
ባቄላው ተጠጋግቶ፣ ተሰልፎ ሄደ፣
ከላይኛው ሰፈር ተነሥቶ ከትምህርት ቤቱ ወረደ።
ዝም ያሉት አያ አሊጋዝ ከዘራቸውን አነሡ፣
“ቦይ ነበረ በዚህ” አሉ፣ ማንንም ሳይወቅሱ።
“ደፍኜው ነው ቤት የሠራሁት፣ ልጄን ስድር ጊዜ፤
አፌ አልናገር ብሎኝ ኖሬአለሁ በትካዜ።
ባቄላው ተናገረ።”

ማንም አልመለሰ። ሙሄ ጠመኔውን ሰጣቸው፤
ቦዩን እሳቸው ሣሉት፣ እየተንቀጠቀጠ እጃቸው።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት አመዱ የለም፤
የክር ጫፍና ጭቃ፣ የጠመኔ ቀለም።
ግን ሰው አላዘነም፤ ካርታው ከሲሚንቶ
ወጥቶ ነበርና፣ በየአናቱ ገብቶ።
ሐዋ በከሰል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ሣለችው፣
“ቤቴን ወደ ግራ!” ሲሏት፣ አጥፍታ አስተካከለችው።
የሙሄ ሱቅ ግን ቀርቷል፤ ማንም አላስታወሰ፣
ራሱም ቢሆን ሠዓሊው፣ የሰው ሲሥል ጨረሰ።
እሷ ግን ክብ አርጋ መኪናውን ጨመረች፣
ጭቃውንም ሳይቀር በጣቷ አጠቆረች።

እኔም ወደ ቢሮ። ካርታዬን ዘርግቼ፣
ቀዩን መስመር ትቼ፣ እርሳስ አንሥቼ፣
በነጥብ በነጥብ ሣልኩ የተደፈነውን ቦይ።
“ምንጩ?” የሚል ሣጥን አለ፣ ከካርታው ግርጌ ላይ፤
የሳተላይት ስም ነው ዘወትር የሚሞላበት።
ምንጭ… ጦሳ ሥር ስንት አለ፣ ስም ያልወጣለት!
ብዙ አሰብኩ፣ ጻፍኩበት፦ “አመድ፣ ባቄላ፣ ጠመኔ።”
አለቃዬ “ይሄ ምንድን ነው?” አለ። አልሰረዝኩም እኔ።